የእንጦጦ ጥድ ከማን ጋር ይኖራል?

በቅጠልና በሥር ውስጥ ስለሚኖሩ ፈንገሶች፣ ስለ ባሕር ዛፍ፣ ስለ እንክርዳድ እና አገር በቀል ደኑን መልሶ ስለሚሻው ተራራ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ማለዳ የተነሣ ሰው ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሴቶችን ያገኛል። ወገባቸው ጎብጧል። ጀርባቸው ላይ ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በገመድ ታስሯል። አንዲት እናት ሸክማቸውን የድንጋይ አጥር ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ አላፊው «በርቱ እናቴ» ይላቸዋል፤ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ቅጠሉ ቀበናና ሾላ ድረስ ወርዶ ከምጣድ ሥር ይነድዳል፤ እንጀራ ይጋገርበታል።

ከሸክሙ አምልጦ መንገድ ላይ የቀረውን አንድ ቅጠል አንስተው ይዩት። ጠባብና ረጅም ነው፤ ጎበጥ ብሏል። በጣት ሲያሹት ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነው ያ የታወቀ ሽታ ይወጣል። ከጥቂት ቡናማ ነጠብጣቦች በቀር ጤነኛ ቅጠል ነው። ነገር ግን ውስጡ ባዶ አይደለም። በሕዋሳቱ መካከል ዓይን የማያያቸው ቀጫጭን የፈንገስ ክሮች ይኖራሉ። አጠገቡ የቆመው ጥድም እንዲሁ ነው፤ ወይራውም፣ ኮሶውም፣ ከእግራችን በታች ያለው ሣርም እንዲሁ።

እስከ ዛሬ በተጠኑት የዕፅዋት ዓይነቶች ሁሉ ማለት ይቻላል እነዚህ ነዋሪዎች ተገኝተዋል። አንዳንዶቹ አስተናጋጃቸውን ከተባይ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከአፈር ምግብ ያመጡለታል። ለዓመታት ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ዛፉ የተጎዳ ቀን የሚነሡበትም አሉ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በእንጦጦና በየካ ተራሮች ላይ ችግኝ የምንተክል ሰዎች ይህን ልናውቅ ይገባል። አንድ የጥድ ችግኝ ስንተክል ብቻውን የሚኖር ፍጥረት እየተከልን አይደለምና።

ጤነኛ በሚመስል ቅጠል ውስጥ

የማይታየውን ነዋሪ ለማየት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው፤ ብዙ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። ቅጠሉ መጀመሪያ በውኃ ይታጠባል። ቀጥሎ አልኮል ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ በረኪና ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ወደ አልኮል ይመለሳል። በመጨረሻ ከማንኛውም ተሕዋስያን በጸዳ ውኃ ይለቀለቃል። በረኪናው ቅጠሉ ላይ ያረፈውን ሁሉ ይገድላል፤ ጊዜው በልክ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የመጨረሻው እጣቢም አይደፋም። ለብቻው ክብ ሳህን ላይ ይፈስሳል። ከእጣቢው ምንም ካልበቀለ የቅጠሉ ላይ በትክክል ጸድቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ሁሉ ከውስጥ የመጣ ይሆናል።

ቅጠሉ በእሳት በጸዳ ምላጭ ተቆራርጦ፣ ከድንች መረቅና ከስኳር ተዘጋጅቶ አጋር በተባለ ማርጊያ የረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከተቆረጠው ጠርዝ፣ ከደም ሥሩ አካባቢ፣ ነጭ ክር ብቅ ይላል። ሌላው ቁራጭ ግራጫ ያወጣል፤ ሌላው ጥቁር፤ አንዱ ደግሞ ከሥሩ ሮዝ ቀለም ያፈስሳል። ከአንድ ቅጠል ብዙ ዓይነት ፈንገስ ይገኛል ማለት ነው። ሳይንቲስቶች እነዚህን ኢንዶፋይት ይሏቸዋል። ቃሉን ጀርመናዊው አንቶን ደ ባሪ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው።

ብዛታቸው ምን ያህል እንደሆነ ያሳየ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከፓናማ ወጥቷል። ኤሊዛቤት አርኖልድና ባልደረቦቿ ከ2 የዛፍ ዝርያዎች ብቻ የተቀጠፉ 83 ጤነኛ ቅጠሎችን መርምረው በግምት 347 ዓይነት ፈንገስ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2003 አርኖልድና ሌሎች ባልደረቦቿ ሌላ ጥያቄ አነሡ፤ ፈንገሶቹ ለዛፉ ምን ይጠቅማሉ? የካካዎ ችግኝ ቅጠሎችን በኢንዶፋይት ከተቡ፤ ከዚያ ፋይቶፍቶራ የተባለውን አጥፊ በሽታ ለቀቁባቸው። ፈንገስ የነበረባቸው ቅጠሎች ካልነበረባቸው ይልቅ በእጅጉ ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው። ቀድሞ የገባው ለኋለኛው ቦታ አልለቀቀለትም።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ፣ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት በሚሞቅ አፈር ላይ የሚበቅል አንድ ሣር አለ። ሥሩ እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት የሚችለው ውስጡ ኩርቩላሪያ የተባለ ፈንገስ ስላለ ነው። ሣሩን ከፈንገሱ ቢለዩት ይሞታል፤ ፈንገሱም ብቻውን ያን ሙቀት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት ሦስተኛ ወገን ጨመረ፤ ፈንገሱ ራሱ ውስጡ ቫይረስ አለበት፤ ቫይረሱ ከሌለ ጥበቃው አይሠራም። አንድ ሣር በሕይወት የሚቆየው ሦስት ፍጥረታት ስለተባበሩ ነው።

ሥር ላይ ያለው ውል

በቅጠል ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ በነፋስና በዝናብ የሚመጡ ናቸው። ሥር ውስጥ ያሉት ግን ከዛፉ ጋር የቆየ ውል አላቸው። ማይኮራይዛ ይባላሉ። በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ስፍራ በተገኘ፣ 407 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠረ ድንጋይ ውስጥ እንዲህ ያሉ ፈንገሶች በጥንታዊ ዕፅዋት ሕዋሳት ውስጥ እንዳሉ ወደ ድንጋይነት ተለውጠው ይታያሉ። ዕፅዋት ገና እውነተኛ ሥር ሳያበቅሉ ፈንገሱ አብሯቸው ነበር።

ውሉ ለምን እንዳስፈለገ የሚነግረን የደጋው አፈር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ሰፊ ቦታ የያዘው ቀይ ሸክላ አፈር ፎስፈረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ይይዛል። ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ዛፉ ግን በቀላሉ አያገኘውም። ሥር በአጠገቡ ያለውን ቶሎ ይጨርስና በዙሪያው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን የተሟጠጠ ቀጠና ይፈጠራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለማምጣት አዲስ ሥር ማብቀል ብዙ ወጪ አለው። የፈንገሱ ክር ውፍረት ግን ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ሥር በማይገባበት የአፈር ቀዳዳ ሁሉ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ለየብቻቸው ዓይን የማያያቸው ክሮች ተባብረው ትልቁን ዛፍ ይመግቡታል።

ክሩ ወደ ሥሩ ዘልቆ ወደ አንድ ሕዋስ ሲገባ ደጋግሞ ይሰነጠቃል፤ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እያወጣ እየቀጠነ ይሄድና ሕዋሱን ይሞላዋል። አርባስክዩል የሚባለው ይህ ነው። ሕዋሱ አይሞትም፤ የራሱን ስስ ሽፋን በክሩ ዙሪያ ይዘረጋል። ልውውጡ በዚህ ሽፋን ላይ ይደረጋል፤ ፎስፈረስና ሌላ ማዕድን ወደ ዛፉ ይገባል፤ ስኳርና ቅባት ወደ ፈንገሱ ይወጣል። ዛፉ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ምግብ ከ4 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ለፈንገሱ እንደሚከፍል ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ይህ የፈንገስ ወገን የሚያስፈልገውን ቅባት ራሱ መሥራት ስለማይችል ከተክሉ ይወስዳል። ያለ ተክል መኖር አይችልም።

ፈንገሱ ሥሩን በጨለማ እንዴት ያገኘዋል? መልሱ ኢትዮጵያዊ አርሶ አደር በሚገባ ከሚያውቀው ጠላት ጋር ይገናኛል። ተክል ፎስፈረስ ሲያጥረው በሥሩ በኩል ስትሪጎላክቶን የተባሉ ቅመሞችን ወደ አፈሩ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጃፓናዊው አኪያማና ባልደረቦቹ ይህ ለፈንገሱ የተላከ ጥሪ መሆኑን አረጋገጡ። ችግሩ ጥሪውን የሚሰማ ሌላም መኖሩ ነው፤ አቀንጭራ። በማሽላ ማሳ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆየው የአቀንጭራ ዘር ይህን ቅመም ሲያገኝ ይነቃል፤ ሥሩን ይዞ የማሽላውን ደም ይመጥጣል። ለወዳጅ የተላከውን መልእክት ጠላት ሰምቶ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጡት ይህን መንገድ ተከትለው ነው። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የአቀንጭራን ዘር እምብዛም አይቀሰቅሱም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዳንኤል ጎበና፣ ማኅደረ ሽመልስ፣ ተስፋዬ መንግስቴና ሌሎች ከፕሮፌሰር ገቢሳ ጋር ባሳተሙት ጥናት ምሥጢሩ ተገለጠ፤ በአንድ ዘረ መል ለውጥ ምክንያት ማሽላው የሚለቀው ቅመም ከ5-ዲኦክሲስትሪጎል ወደ ኦሮባንኮል ይቀየራል። ኦሮባንኮል አቀንጭራን በቀላሉ አይቀሰቅስም፤ ለፈንገሶቹ ግን ጥሪ ሆኖ ያገለግላል። የአገራችን ልጆች የደረሱበት ይህ ግኝት በወዳጅና በጠላት መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ያስተምራል።

ተራራው ያጣውና ያገኘው

ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የዛፍ ሥርና ፈንገስ እየተረዳዱ እንደሚኖሩ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም፤ ፈንገስ በሽታ እንጂ ረዳት ሊሆን አይችልም አሉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1879 ዓ.ም.፣ ከእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ተራራው ቀድሞውኑ መራቆት ጀምሮ ነበር። ጥዱ ለቤትና ለአጥር፣ ወይራው ለማገዶና ለከሰል ተቆረጠ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር።

ከተማይቱን ያቆያት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ በተራቆተ መሬትም ይጸናል። ለዚህ ጽናቱ አንዱ ምክንያት ሥሩ ላይ ነው። አብዛኛው ዛፍ አንድ ዓይነት የፈንገስ ወዳጅ ሲኖረው ባሕር ዛፍ ከሁለት ወገን ጋር ይዋዋላል። በችግኝነቱ ሕዋስ ውስጥ ከሚገባው ጋር ይስማማል፤ እያደገ ሲሄድ የሥሩን ጫፍ ከውጭ እንደ ካልሲ ከሚያለብሰው ከሌላው ወገን ጋር ይወዳጃል። ይህ ሁለተኛው ወገን ከዝናብ በኋላ እንጉዳይ ሆኖ ከመሬት ብቅ የሚለው ነው። በዓለም ዙሪያ በተተከሉ የባሕር ዛፍ ደኖች ውስጥ ከአውስትራሊያ የመጡ እንዲህ ያሉ ፈንገሶች ተገኝተዋል። ዛፉ አገር ሲለውጥ ወዳጆቹም አብረው ተሰድደዋል።

ጥድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጥቁር እንጨት ግን ሌላ ናቸው። ይህን በአገራችን ደን በሚገባ ያጠናው ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ተስፋዬ ውበት ነው። በጀርመን ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ከኢንግሪድ ኮትከ፣ ከፍራንዝ ኦበርቪንክለርና ከዶክተር ደመል ተከታይ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ደረቅ ደጋ ደኖቻችን አገር በቀል ዛፎች ባሳተመው ጥናት፣ እነዚህ ዛፎች የሚኖሩት በሕዋስ ውስጥ አርባስክዩል ከሚሠራው የፈንገስ ወገን ጋር መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ጥቁር እንጨት፣ በ2006 ስለ ጥድ የወጡት ሥራዎች የፈንገሶቹን ዘረ መል እያነበቡ ወደ ዝርዝሩ ገቡ። ጥድ የራሱ የሆኑ፣ ከሌሎች የሚለዩ ፈንገሶች ይዞ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናቱ ለእኛ ለተካዮች ከሁሉም የበለጠ ይጠቅማል። በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ የተለያዩ ዛፎች ሥራቸው ውስጥ የሚኖሩት ፈንገሶች እንደሚለያዩ አረጋገጠ። ችግኞቻቸውም ለደን ልማት የሚሆኑትን ፈንገሶች አጥምደው መያዝ እንደሚችሉ አመለከተ። ይህ ለእንጦጦ ምን ይላል? ባሕር ዛፉ ሥር ያለው አፈር ፈንገስ አልባ አይደለም፤ ሣሩም፣ ቀጋውም፣ አጋሙም፣ ባሕር ዛፉ ራሱም ይመግባቸዋል። ነገር ግን ጥድ በሌለበት ተዳፋት ለጥድ የሚስማሙት ፈንገሶች በብዛት ይቆያሉ ብሎ ማመን አይቻልም። ምግባቸው ከተቆረጠው ዛፍ ጋር ሄዷል።

ወዳጁ ሲከፋ

ስለ እነዚህ ፈንገሶች በፍቅር ብቻ መጻፍ ግን አንባቢን ማሳሳት ነው። የባሕር ዛፍ ግንድ ተሰነጣጥቆ ቀይ ሙጫ ሲያፈስስ፣ ጫፉም ከላይ ወደ ታች ሲደርቅ አይተው ከሆነ ሌላኛውን ፊታቸውን አይተዋል። ኢትዮጵያዊው የደን በሽታ ተመራማሪ ዶክተር አለሙ ገዛኸኝ ከደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ጋር በአገራችን የባሕር ዛፍ ተክሎች ላይ የሚታየውን ይህን የግንድ ቁስል መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መንሥኤውን ለየ። ዛሬ ኒዮፉሲኮኩም ፓርቩም የሚባል ፈንገስ ነው።

የዚህ ፈንገስ ዘመዶች ከበሽታው በፊት የት እንደሚኖሩ ሲታይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ጤነኛ ግንድና ጤነኛ ቅጠል ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳዩ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ድርቅ ሲመጣ፣ ውርጭ ሲመታ፣ በረዶ ቅርፊቱን ሲልጥ ወይም መጥረቢያ ሲያቆስለው ዛፉ ይዳከማል፤ ያን ጊዜ ዝም ብሎ የኖረው ፈንገስ ወደ ገዳይነት ይለወጣል። ስለዚህ አንድን ፈንገስ «ወዳጅ» ወይም «ጠላት» ብሎ ለዘለዓለም መመደብ አይቻልም። የሚወስነው ዛፉ ያለበት ሁኔታ ነው። በየጊዜው የሚቆረጥና የሚቆስል ዛፍ ውስጥ ያለው ነዋሪ እንግድነቱን ሊረሳ ይችላል።

ሾላ ገበያ ውስጥ ያለው ጥንታዊ ፈንገስ

ከተራራው ወርደን የካ ውስጥ ሾላ ገበያ እንግባ። የእህል መደብሮቹ አጠገብ ሴቶች ስንዴ በሰፌድ ያበጥራሉ፤ በጣታቸውም አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ከሚለቀሙት አንዱ እንክርዳድ ነው። ከስንዴ ጋር ይበቅላል፤ ከስንዴ ጋር ይታጨዳል፤ ስንዴ መስሎ ከጎታ ይገባል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጠላት በሌሊት የዘራው እርሱን ነው። ዳቦ ውስጥ ከገባ ራስ ያዞራል፤ ጠላ ውስጥ ከገባ ስካሩ ይከፋል ይባላል።

በዚያች ትንሽ ዘር ውስጥ ፈንገስ ይኖራል። ኦስትሪያዊው ፎግል እ.ኤ.አ. በ1898 የእንክርዳድን ዘር ቆርጦ በአጉሊ መነጽር ሲያይ ከቅርፊቱ ሥር የተጠላለፈ የክር ንብርብር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ጀርመናዊው ሊንዳው ከጥንታዊ ግብፅ መቃብር በወጣ የእንክርዳድ ዘር ውስጥ ይህንኑ ፈንገስ አየ። ኤፒክሎ ከተባለው ወገን የሆነው ይህ ፈንገስ ከተክሉ ወጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ከእናት ተክል ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ ቡቃያ ይተላለፋል። መኖሩ በተክሉ መኖር ላይ ስለቆመ ተክሉን የሚከላከል ቅመም ይሠራለታል፤ ሎሊን የተባለው ቅመም ተባይን ያርቃል።

እንዲህ ያለው ጥበቃ ለከብት አርቢ ግን መዘዝ ይሆናል። በአሜሪካ በሚሊዮን በሚቆጠር ሄክታር ላይ የተዘራው ፌስኩ የተባለ ሣር ከብቶችን እያከሳና እግራቸውን እያቆሰለ ለብዙ ዓመታት አርቢዎችን ግራ አጋባ። እ.ኤ.አ. በ1977 ቻርልስ ቤከንና ባልደረቦቹ ሣሩ ውስጥ ያለውን ፈንገስ እስኪያገኙ ድረስ ምክንያቱ አልታወቀም ነበር። ፈንገሱን ሙሉ በሙሉ ማስወገድም መፍትሔ አልሆነም፤ ሣሩ ድርቅና ተባይ አልችል አለ። በመጨረሻ የተገኘው ዘዴ ተባይን የሚከላከል፣ ከብትን ግን የማይጎዳ የፈንገሱን ዓይነት መርጦ ወደ ሣሩ መመለስ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በኒው ዚላንድ እንዲህ ያለው ዘር በገበያ ይሸጣል።

የእነዚህ ፈንገሶች የቅርብ ዘመድ በአገራችን መራራ ታሪክ አለው። ኤርጎት ይባላል፤ በእህል ዛላ ላይ ጥቁር ቀንድ መሰል ፍሬ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 በወሎ፣ ኤርጎት የያዘው ሲናር ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ በመበላቱ የሰዎች እጅና እግር እየጠቆረ፣ እየደረቀ ወደቀ፤ ብዙዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ2001 አርሲ ውስጥ በተበከለ ገብስ ሳቢያ ተመሳሳይ መከራ ደረሰ። ሾላ ገበያ ላይ የተቀመጡት እናቶች ሰፌድ የቤተሰብን ሕይወት የሚጠብቅ የጤና መሣሪያ መሆኑን እነዚህ ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ።

ከዚሁ ተፈጥሮ ለበጎ የሚውልም አለ። የቡና አድርቅ በሽታ የሚያመጣው ፉሳሪየም የተባለ ፈንገስ የቡናውን ውኃ ማስተላለፊያ ይዘጋና ዛፉን ያደርቃል። ተመስገን በላይነህ ሙላውና በቪየና የሚገኙ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጤነኛ የቡና ሥር ውስጥ የተገኙ ትራይኮደርማ የተባሉ ፈንገሶች ይህን በሽታ መቆጣጠር እንደሚችሉ አሳይተዋል። የቡና መገኛ በሆነች አገር የቡናው ጠባቂም እዚያው ቡናው ሥር ውስጥ ተገኘ።

ችግኝ ብቻውን አይተከል

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ አገር በቀል ዛፎችን መልሶ በመትከል ለረጅም ጊዜ ደክሟል። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በምዕራቡ በኩል የዝርያ መጠበቂያ ሆኗል። አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ሕዝቡን ወደ ተራራ ያወጣል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ብዙ ሰው ዛፍ ሥር እንዲቀመጥ አድርጓል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። የቀረው ነገር ከመሬት በታች ነው።

በችግኝ ጣቢያ ላስቲኩ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በአካባቢ አፈር፣ በብስባሽና በአሸዋ ነው። አፈሩ ከየት እንደመጣ እምብዛም አይጠየቅም። ከእርሻ ዳር ወይም ከመንገድ ሥራ ላይ የተቆፈረ ከሆነ ለጥድና ለዝግባ የሚስማማው ፈንገስ ላይኖርበት ይችላል። ችግኙ ውኃና ማዳበሪያ እያገኘ በጣቢያው ያምራል፤ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ፣ ተዳፋቱ ላይ ብቻውን ሲቀር ግን ይጠወልጋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንማርካዊው አንደርስ ሚሸልሰን በኢትዮጵያ ግራሮች ላይ ባወጣው ጥናት፣ በችግኝ ጣቢያ አፈር ላይ ማይኮራይዛ ፈንገስ ወይም የአገር በቀል ዕፅዋት ሥር መጨመር የችግኞቹን ዕድገት እንደሚያሻሽል አሳይቷል። ውድ ቴክኖሎጂ አያስፈልገውም። ከትክክለኛው ዛፍ ሥር የተዘገነ ጥቂት አፈርና ቀጭን ሥር ይበቃል።

ትክክለኛው ዛፍ ግን የት ይገኛል? በአብዛኛው የደጋ ክፍል ያረጁ ጥዶችና ወይራዎች የተረፉት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። በእንጦጦና በየካ ተራሮች ላይ ያሉ አጥቢያዎችና ገዳማት ቅጥር ግቢም የጥንቱን ደን ቅሪት ይዟል። ምእመናን ዛፉን የጠበቁት ስለ ቅድስናው ነው፤ ሳያውቁት ግን ሥሩን፣ አፈሩንና ፈንገሱንም ጠብቀዋል። እነዚህ አጸዶች ለተራራው ሁሉ የፈንገስ ዘር ጎተራ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ አጸዱን በሲሚንቶ መንጠፍ፣ ያረጀውን ጥድ ቆርጦ በጌጥ ዛፍ መተካት ኪሳራው ከሚታየው በላይ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። አፈር ወዳጅን ብቻ አይሸከምም። እ.ኤ.አ. በ1652 በተመሠረተው የኬፕ ታውን የኩባንያ አትክልት ስፍራ፣ ቀደምት የሆላንድ ሰፋሪዎች ከአውሮፓ ባመጧቸው ተክሎች ሥር አርሚላሪያ የተባለ ሥር አበስባሽ ፈንገስ አብሮ ገብቶ እስከ ዛሬ ዛፍ እየገደለ እንደሚኖር ተረጋግጧል። ከዚህ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ በኢትዮጵያ ደኖችም አለ። ስለዚህ አፈሩ ከሩቅ አገር ወይም ከታመመ ዛፍ ሥር አይምጣ። ከዚያው ተራራ፣ ከጤነኛ ዛፍ፣ ለዚያው የዛፍ ዓይነት ይዘገን፤ ዛፉን በማይጎዳ መጠን፣ በአባቶችና በደን ባለሙያ ፈቃድ ይሁን።

ቅጠሉም አለ። ቅጠል ሲወድቅ ውስጡ የነበሩት ፈንገሶች ብዙዎቹ አይሞቱም፤ መጀመሪያ የሚያበሰብሱት እነርሱ ናቸው። ከዚያ እንደ ዘር የሚያገለግለውን ስፖራቸውን ወደ አየር ለቅቀው ወደሚቀጥለው ቅጠል ይገባሉ። መሬቱ ተጠርጎ ቅጠሉ ሁሉ ሲወሰድ አፈሩ ብስባሹን፣ ዛፉም ነዋሪዎቹን ያጣል። ይህን ሸክም የሚያወርዱትን እናቶች ግን መውቀስ ነውር ነው። የሚያነዱትና የሚሸጡት ሌላ ስላጡ ነው። ለእነርሱ ሌላ መተዳደሪያ፣ ለምጣዱ ሌላ ማገዶ መፈለግ የእንጦጦን ደን የመመለስ ሥራ አንድ ክፍል ነው፤ ከችግኝ ቆጠራው ጋር እኩል በጀትና እኩል ትኩረት ሊሰጠው ይገባል።

በመጪው ክረምት ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሁሉ እንግዲህ ሦስት ነገር ያድርጉ። የተቀበሉት ችግኝ ያደገበት አፈር ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ላስቲኩን ሲቀድዱ ሥሩን የያዘውን አፈር አያራግፉ፤ ወዳጆቹ ያሉት እዚያ ነው። ባሕር ዛፍ ቆርጠው ጥድ ወይም ወይራ የሚተኩ ከሆነ ደግሞ በአንድ ጊዜ መሬቱን አያራቁቱ፤ ፈንገሱን መግበው የሚያቆዩት ሣሩና ቁጥቋጦው ናቸውና። የእንጦጦ ጥድ ብቻውን ኖሮ አያውቅም፤ እኛም ብቻውን አንትከለው።